መንገድ ማስፋፊያው ግማሽ ቤታችንን ሊወስድ ነው፣ ካሳው ለሚፈርሰው ብቻ ነው ወይስ ለሙሉ ቤቱ? (ደሴ)

የሸዋበሯ፦

ሰላም ወገኖቼ እንደምን ናችሁ፣ ስለ ካሳ ነገር በደንብ ሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ትንሽ ጊዜያችሁን ስጡኝ። ቤታችን ደሴ ዋናው አስፋልት ዳር ነው፣ አያቴ የሰሩት፣ አባቴ ተወልዶ ያደገበት፣ እኛም የወጣንበት ቤት ነው። ከፊት ሁለት ሱቅ አለው፣ አንዱን ልብስ ሰፊ አንዱን ባለሸቀጥ ተከራይተውታል፣ ከሱቆቹ ኋላ እኛ ምንኖርበት ሶስት ክፍል አለ ከዛ ጓሮው ላይ ኩሽናና ሽንት ቤት። ዋናው ቤት የጭቃ ነው፣ ፊቱን አባቴ በኋላ በብሎኬት ነው ያሰራው። እና መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራን፣ ከዛ ሜትር የያዙ ልጆች መጡና ለክተው በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ሄዱ፣ በነሱ ልኬት ሱቆቹ ሙሉ በሙሉ ይሄዳሉ ከሳሎናችንም ግማሹ ይቆረጣል።

አሁን ደሞ አንድ ቅጽ ይዘው መጥተው ፈርሙ አሉን። ቅጹ ላይ የሚፈርሰው ካሬ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ስንት ብር እንደሆነ የለበትም፣ ጓሮ ያለውም አልተቆጠረም። አባቴ እንደው መንግስት ነው ልማት ነው ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶ አንስቶ ነበር፣ ቆይ አባዬ ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን እስከመቼ እይዘዋለሁ? ካርታው ደሞ በአያቴ ስም ነው፣ አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፣ አባቴና እህቶቹ እስካሁን ስም አላዛወሩም። የጭቃ ቤት ግማሹን ስትቆርጠው የቀረው ይቆማል እንዴ? ለቆረጡት ብቻ ነው ሚከፍሉን? የኪራዩስ ነገር? የአባቴ ጡረታ ትንሽ ናት፣ ምንኖረው በሁለቱ ሱቅ ኪራይ ነው። መንገዱን ተቃውመን አይደለም፣ እንዲሰራ እኛም እንፈልጋለን፣ አባቴ በዚህ እድሜው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው።

የሆጤ ልጅ፦

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ነገር ብር ያልተጻፈበት ቅጽ ላይ አባትሽ ዝም ብለው እንዳይፈርሙ፣ መፈረም ግድ ከሆነባቸው እንኳን "ልኬቱን አይቻለሁ፣ በግምቱ ላይ ግን ገና አልተስማማሁም" ብለው በእጃቸው ጽፈውበት ከስሩ ይፈርሙ፣ ኮፒውንም ይዘው ይቅሩ።

ሁለተኛ ዛሬውኑ ስልክሽን አውጪና ቤቱን ከውጭም ከውስጥም ቪዲዮ ቅረጪው፣ ኮርኒሱን፣ ሊሾውን፣ በርና መስኮቱን፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን፣ አጥሩን፣ ጓሮ ያለውን ዛፍ ሳይቀር። ጎረቤትም ቁሞ ይይ። እኛ ሰፈር ቤት ከፈረሰ በኋላ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበረ አልነበረም ተብሎ ክርክር ተነስቶ ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቶ ማን ያሳይ፣ ባለቤቶቹ በምስክር ስንት ተንከራተቱ መሰለሽ። ቀሪውን ህጉን የሚያውቁ ይንገሩሽ።

መለኪያ፦

እኔ ግንባታ ላይ ነው ምሰራው፣ የንብረት ግምት ስራም ሰርቼ አውቃለሁ፣ ከዛ በኩል ያለውን ልንገርሽ፣ ይረዝማል ግን ታገሺኝ።

አሁን የሚሰራበት ህግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ ማስፈጸሚያው ደንብ 472/2012። አዋጁ ከዛ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ከተሻሻለው አንዱ ትልቁ ነገር ካሳውን ማን ይክፈል የሚለው ነው፣ የፌደራል ፕሮጀክት ቢሆንም ክፍያው ወደ ክልል እንዲዞር ተደርጓል። ይሄ ላንቺ ምን ያደርግልሻል ብትይ፣ ስብሰባ ላይ ስትገቡ የካሳው ብር ከየት በጀት ነው ሚመጣው፣ ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ንኡስ 8 የግል ንብረት ለህዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ ነው ይላል። በቅድሚያ። መጀመሪያ አፍርሱ ብሩ ይመጣል ከተባላችሁ ይቺን አንቀጽ አንሱ፣ በትህትና ግን አንሱ።

አሁን ብዙ ሰው ሚደነግጥበትን ነገር ልናገር። መሬቱ አይከፈልም። መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ይሄ ከ1967ቱ የከተማ ቦታ አዋጅ ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚከፈለው በላዩ ላይ ላፈራሽው ንብረት ነው። ዋናው አስፋልት ዳር ያለ ቤት ደሞ ዋጋው ግድግዳው ሳይሆን ቦታው ነው፣ አይደለም እንዴ? ያ ልብስ ሰፊ ኪራይ የሚከፍላችሁ ለጭቃው አይደለም፣ ደንበኛ በፊቱ ስለሚያልፍ ነው። ገማቹ ሲመጣ ግን የሚቆጥረው ጭቃውን ብሎኬቱንና ቆርቆሮውን ነው፣ ስለዚህ ገበያ ላይ ቢሸጥ ይሄን ያህል ሚሊዮን ያወጣ ነበር የሚለው ክርክር ኮሚቴ ፊትም ፍርድ ቤትም ብዙ አያስኬድም። ቤተሰብ ጉልበቱን እዛ ላይ ሲጨርስ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ህጉ የሚሰጠው ሌላ ሌላ መብት አለ እሱ ሳይጠየቅ ይቀራል።

አንደኛ ግምቱ የሚሰራው ንብረቱን በአዲስ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። የአባትሽ ቤት አሮጌ ነው ተብሎ በእርጅናው ሊቀንስ አይገባም፣ ጥያቄው ዛሬ ይሄን ቤት ዛሬ ባለው የእንጨት የሲሚንቶ የሚስማርና የጉልበት ዋጋ ልስራው ብትይ ስንት ይፈጃል ነው። ለዚህ የሚጠቀሙበት የነጠላ ዋጋ የሚባል፣ የእያንዳንዱን እቃና ስራ ዋጋ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፣ ሰንጠረዡ ቢያንስ በየ2 አመቱ መከለስ አለበት ይላል አዋጁ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን፣ በድሮ ዋጋ ከተሰላላችሁ ግምቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ "የነጠላ ዋጋው የየትኛው አመት ነው?" ይሁን፣ ኮፒውንም ጠይቂ።

ሁለተኛ የሚቆጠረው ቤቱ ብቻ አይደለም። የግቢ ንጣፍ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ አጥር፣ ድጋፍ ግንብ፣ ለማፍረሻና ለማንሻ የሚወጣው፣ የመብራት የውሃ የስልክ መስመር አንስቶ መልሶ ለመቀጠል የሚወጣው ሁሉ ይገባል። ደሴ ላይ ደሞ ድጋፍ ግንቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ተዳፋት ላይ የተሰራ ግቢ ከመሬት በታች የገባው ድንጋይ ከላይ ካለው ቤት ሊበልጥ ይችላል፣ ገማቹ ግን ከላይ ያየውን ለክቶ ሊሄድ ይችላል፣ መሰረቱ ምን ያህል እንደወረደ አባትሽ ይንገሯቸው፣ ካስፈለገም አንድ ቦታ ይቆፈርና ይታይ።

ሶስተኛ ዋናው ጥያቄሽ። ህንጻው በከፊል ሲነካ ባለቤቱ ምርጫ አለው፣ ይሄ ከድሮው ደንብ 135/1999 ጀምሮ ያለ ነው። ሙሉ ቦታውን ለቆ ለሙሉ ህንጻው ካሳ መጠየቅ ይችላል፣ ወይ ደሞ የተነካውን ብቻ ሰጥቶ በቀረው መቀጠል ይችላል፣ ሁለተኛው ግን የቀረው ክፍል የከተማውን ፕላንና ደረጃ ሚያሟላ ከሆነ ነው። የጭቃ ቤት ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶና ማገር ሁሉም ተያይዞ ነው፣ መሀል ላይ ስትቆርጪው የቀረው ባለበት ይቆማል ብዬ አላምንም፣ ይህን ግን እኔ እዚህ ብናገረው ዋጋ የለውም፣ ባለሙያ አይቶ በጽሁፍ ያስቀምጥላችሁ። ከዛ የቀረው ቦታ ላይ የግንባታ ፈቃድ ይሰጠናል ወይ ብላችሁ ፕላን የሚመለከተውን ክፍል በጽሁፍ ጠይቁ፣ አይሰጥም ካሉ እሱ ወረቀት ራሱ የሙሉ ካሳ ጥያቄያችሁ ማስረጃ ነው። ይሰጣል ካሉ ደሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉ፣ አስፋልት ዳር የቀረች ጠባብ ቦታ ከሩቅ ሰፊ ምትክ ቦታ ልትሻል ትችላለች።

ሀረጎ፦

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር አትቆጡኝ። ደሴ ማለት ጦሳና አዝዋ መሀል የገባች ከተማ ናት፣ ወደ ጎን መስፊያ የላትም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚሄደው ከባድ መኪና ሁሉ በመሀሏ ነው የሚያልፈው፣ አምቡላንስ መንገድ ዘግቶበት ሲጮህ ያላየ የደሴ ሰው አለ? ይሄ መንገድ ካልሰፋ ከተማው ይሞታል። የኛም አጥርና አንድ ክፍል ሂዷል፣ አባቴ ሰጥቷል፣ አሁን በፊታችን እግረኛ መንገድ አለ፣ ሱቃችን ከበፊቱ የተሻለ ይሰራል። እና ሰው ሁሉ አትፈርሙ አትፈርሙ ሲል ፕሮጀክቱ ይጓተታል፣ ግማሽ የፈረሰ ሰፈር አቧራ ሲቅም ይከርማል፣ የሚጎዳው ያው ህዝቡ ነው።

ደሞ አንዳንዱ ምልክት ከተደረገ በኋላ ሌሊት ብሎኬት ሲደረድር አይቻለሁ ካሳ ይጨምርልኛል ብሎ። ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተጨመረ ነገር አይከፈልም፣ እህታችን ቤተሰብሽ እንዲህ አይነት ነገር እንዳይሞክር፣ ሌላውንም ቅሬታችሁን ያበላሸዋል።

የሆጤ ልጅ፦

@ሀረጎ ወንድሜ መንገዱ አይሰራ ያለ የለም እኮ እዚህ። አንተ አጥርና አንድ ክፍል ሂዶብህ ፊትህ ተከፈተልህ፣ አልሀምዱሊላህ ደስ ይላል፣ የሷ አባት ግን ሱቁም ሳሎኑም ነው የሚሄድባቸው፣ መተዳደሪያቸውም መኖሪያቸውም እሱ ነው። ተስማምቶ መስጠትና ሳያውቁ ፈርሞ መስጠት አንድ አይደለም። ፕሮጀክት የሚጓተተውም እኮ ሰው ስለጠየቀ ሳይሆን መጀመሪያ በደንብ ስላልተነገረው ነው፣ አዋጁ ራሱ ቦታው ከመለቀቁ ቢያንስ 1 አመት ቀድሞ ተነሺውን አማክሩት ነው ሚለው፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር።

ህግ ነክ፦

ደህና አመሻችሁ። ጠበቃ ነኝ፣ ከላይ መለኪያ የጻፈው ጥሩ ነው፣ እኔ የጎደለውን ልሙላ። ጉዳዩን ሰነዱን ሳላይ ስለሆነ ምናገረው እዛው ያለ ጠበቃ ሰነዱን ይዩላችሁ።

ከሁሉ በፊት የካርታው ነገር። ይሄን ነገ ጠዋት ጀምሩት። ካርታው በሟች ስም እያለ ካሳው ለማን ይከፈል የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል፣ ሌሎች ተቀብለው ሲሄዱ የናንተ ብር ታግዶ ሊቀመጥ ይችላል፣ ምትክ ቦታውም እንደዚያው። አባትሽና እህቶቻቸው የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁና ሁሉም ወራሾች ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሆናል። አክስቶችሽ ውስጥ አረብ አገር ያለች ካለች በኤምባሲ በኩል ውክልና ትላክ። አደራ ምለው አክስቶቹን ሳታስገቡ አባትሽ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ነው፣ ወሎ ውስጥ በዚህ ምክንያት እህትና ወንድም ሲካሰስ በየቀኑ ነው የማየው፣ የካሳ ብር መጣ ሲባል ያልታሰበ ሰው ሁሉ ይነሳል። መጀመሪያውኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋግራችሁ በጽሁፍ ጨርሱት።

ሁለተኛ ጊዜው። የልቀቁ ትእዛዙ በጽሁፍ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ቅር የሚላችሁ ነገር ካለ 30 ቀን ነው ያላችሁ፣ ይሄ ካለፈ ነገሩ በጣም ይከብዳል። ቅሬታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለአቤቱታ ሰሚ አካል ነው፣ እሱ በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል፣ በውሳኔው ካልተስማማችሁ ደሞ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዛ ነው ፍርድ ቤት ሚኬደው። ብዙ ሰው በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ መዝገቡ ይዘጋበትና እሱን ሲያስተካክል 30 ቀኑ ያልቅበታል። እና ደሞ ቢሮ ሄዶ በቃል መለማመጥ ቅሬታ ማቅረብ አይደለም፣ ነገ ና ነገ ና እየተባለ ቀኑ ይሄዳል። በጽሁፍ ይሁን፣ በ2 ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ማህተም ይደረግበት፣ እሱ እናንተ ጋ ይቅር። ካሳው ከተከፈላችሁ በኋላ ደሞ ለመልቀቅ 120 ቀን አለ፣ ከፈልናችሁ በሳምንት ልቀቁ የሚባል ነገር የለም።

ቅሬታው ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አታጭቁ። የልኬት ስህተት ለብቻው፣ ያልተቆጠረ ንብረት ለብቻው፣ የነጠላ ዋጋ ለብቻው፣ የቀረው ቤት አይቆምም የሚለው ለብቻው። እንዲህ ሲሆን አንዱን ውድቅ ቢያደርጉት ሌላው ይቆያል።

ሶስተኛ ኪራዩ። አዋጁ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ የሚል ነገር አለው፣ ቦታ በመወሰዱ ምክንያት ስራ ንግድ ወይም ኪራይ ለሚቋረጥበት ሰው የሚከፈል ነው፣ ኪራይ በስሙ ተጠቅሷል። ግን በምን ታስረዳላችሁ? የኪራይ ውል በጽሁፍ አላችሁ? የኪራይ ገቢ ግብር ስትከፍሉ የነበረበት ደረሰኝ አለ? እሱ ካለ ጥሩ ነው፣ ግብር ላይ የተጻፈው ኪራይ ከትክክለኛው ያነሰ ከሆነ ግን የሚያዘው ያነሰው ነው፣ ይሄን ቀድማችሁ እወቁት። ከዚህ ሌላ መኖሪያ ቤት ለሚፈርስበት የከተማ ነዋሪ ምትክ ቦታ ወይም ቤት ከመስጠት ጋር የ2 አመት የቤት ኪራይ ግምት አለ፣ ወይ በሱ ፈንታ ለ2 አመት ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት። በድሮው ህግ 1 አመት ነበር፣ እና አሁንም ባለማወቅ በ1 አመት የሚያሰላ ካጋጠማችሁ አዋጁን አሳዩት። የማህበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚባልም ካሳ አለ፣ እድርሽ ጎረቤትሽ የተበተነበት ማለት ነው፣ እሱንም በማመልከቻው ላይ ጥቀሱት።

የቦርከና ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ የኛ የገጠር መሬት ስለነበር ህጉ ትንሽ ይለያል ግን የደረሰብንን ብነግራችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው። የቤተሰቦቼ መሬት ቦርከና ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሚበቅልበት ነበር፣ ኮምቦልቻ ደሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባቡሩ ፋብሪካው ሁሉም እዛው ሜዳ ላይ ስለሆነ ከተማው ወደኛ እየመጣ እየመጣ በመጨረሻ የኛም ለልማት ተፈለገ። ለገጠር መሬት ምትክ መሬት ካልተገኘ ካለፉት 3 አመታት ከፍተኛው የአንድ አመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል፣ በድሮው ህግ የ5 አመት አማካይ በ10 ነበር። እና ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ ስንት አገኛችሁ ተብለን ስንጠየቅ አባቴ ምንም የጻፈው ነገር የለውም፣ በአመት ሁለቴ ሶስቴ እንደሚያመርት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ግን ወረቀት የለም፣ ጎረቤታችን ግን ለነጋዴ ሲሸጥ የተቀበለባቸውን ወረቀቶች በፌስታል ቋጥሮ አስቀምጦ ስለነበር የሱ ግምት ከኛ በጣም በልጦ ወጣ፣ መሬቱ ግን ከኛ ያነሰ ነው። ዙሪያው ላይ መሬት ያላችሁ ልጆች ይሄን ለወላጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው፣ ያመረቱትን ይጻፉ የሸጡበትን ወረቀት ያስቀምጡ።

ሌላው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የእናቴም ስም ከአባቴ እኩል ስላለ ብሩ ሲመጣ እናቴ ቁጭ ብላ ግማሹ የኔ ነው ቤት ይሰራበት አለች፣ ያ ነው ያዳነን ወላሂ። የሌላው ቤት ብር በባጃጅና በሰርግ አለቀ። እህታችን አንቺም እናትሽ በህይወት ካሉ የሳቸው ድርሻ ይታሰብ።

የሸዋበሯ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ ፈጣሪ ያክብርልኝ፣ እያነበብኩ ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት እና ቅጹን ትራስ ስር አስገብቶታል አሁን አይፈርምም። ለአክስቶቼ ደውያለሁ፣ አንዷ ቤሩት ናት ውክልናውን እልካለሁ ብላለች። እናቴም አለች ደህና ናት።

አንድ ጥያቄ ግን ጨመረብኝ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ሚባልበትን ሄደን አየነው፣ ገደሉ ላይ ነው ቢባል ይቀላል፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይንሸራተታል የተሰነጠቀ ቤትም አየሁበት። እዛ ላይ ቤት ለመስራት ድጋፍ ግንቡ ብቻ የተከፈለንን ብር ይበላዋል። ይሄ እንዴት ነው ሚታየው? ደሞ ሁለቱ ተከራዮቻችን እኛስ ምን እንሁን እያሉ ነው፣ በተለይ ልብስ ሰፊው ጋሼ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዛው ናቸው፣ ማሽናቸውን ይዘው የት ይሂዱ።

መለኪያ፦

የአፈሩ ነገር ደሴ ላይ ቀልድ አይደለም፣ ተዳፋቱ ላይ ናዳና መንሸራተት ስንት ጊዜ ቤት አፍርሷል። ቦታውን ከመረከባችሁ በፊት ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ ከተረከባችሁና ከፈረማችሁ በኋላ የናንተ ችግር ይሆናል። ምን ታደርጋላችሁ፣ ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ የተሰነጠቁትን ቤቶች አንሱ፣ ከዛ "የተመደበልን ቦታ ለግንባታ ብቁ መሆኑ በአፈር ምርመራ ይረጋገጥልን፣ ካልሆነ ይቀየርልን" ብላችሁ ጻፉ። የአፈር ምርመራ በራሳችሁ ብታሰሩም ክፉ አይደለም፣ ብቻ እሱ ወጪ አለው፣ እዛው ቦታ የተመደበላችሁ ተነሺዎች ብዙ ከሆናችሁ ተዋጡበት። እና ምትክ ቦታ አንቀበልም ብላችሁ ቤት ይሰጠን ማለትም አንድ መንገድ ነው፣ ቤት ካለ ማለት ነው።

ደሞ ሰው ሚረሳው አንድ ነገር አለ። አዋጁ ላይ ቦታው ለልማት የተፈለገበት ነባር ባለይዞታ በፕላኑ መሰረት ራሱ የማልማት የቅድሚያ መብት አለው፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ አቅም ካሳየ። ለአስፋልቱ የሚሄደው ይሄዳል፣ ከአስፋልቱ ኋላ የሚቀረው ጠባብ ጠባብ ቦታ ግን የናንተም የጎረቤቶቻችሁም ተጠቃሎ ፕላኑ የሚፈቅደውን ህንጻ ሊያሰራ ይችል ይሆናል። ከግራና ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻችሁ እነማን ናቸው? አስፋልት ዳር ሆናችሁ መቀጠል ከፈለጋችሁ በዚህ በኩል ነው እንጂ ለየብቻ ብትሄዱ የሁላችሁም ቦታ ከደረጃ በታች ነው ተብሎ ትበተናላችሁ። ብር ከየት ይመጣል ትዪኝ ይሆናል፣ የሁሉም ካሳ ሲደመር መነሻ ይሆናል፣ ቀላል ነው አልልም፣ ግን ጥያቄውን በጊዜ ማስገባት አለባችሁ።

ህግ ነክ፦

ስለ ተከራዮቹ፣ ምትክ ቦታ የሚሰጠው ለባለይዞታው ነው፣ ተከራይ ቦታ አያገኝም። ግን ከላይ ያልኩት የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ ንግዱ የተቋረጠበትንም ሰው የሚመለከት ነው፣ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ጋሼም ባለሸቀጡም ንግድ ፈቃዳቸውን የግብር ደረሰኛቸውን ይዘው በራሳቸው ስም ይመዝገቡ ይጠይቁ፣ እናንተ ስማቸውን አታስቀሩ፣ ቆጠራው ላይ "በቤቱ ውስጥ የሚነግዱ ሰዎች" ተብለው እንዲገቡ ንገሩላቸው። ሱቁ ውስጥ ራሳቸው ያሰሩት መደርደሪያ የገጠሙት በር ካለ ማን እንዳሰራው አሁኑኑ ተማምናችሁ ጻፉት፣ በኋላ በናንተና በነሱ መሀል ነገር እንዳይገባ።

ሀረጎ፦

@የሸዋበሯ ከጎረቤት ጋር ሆኖ የማልማቱን ነገር እኔም አልሰማሁም ነበር ጥሩ ነገር ነው። አባቴ እዛ ስብሰባ ላይ የተነሺ ተወካይ ሆኖ ተመርጦ ነበር፣ ከፈለጋችሁ አባትሽንና የኔን አባት አገናኛቸዋለሁ፣ ማን ጋ ምን እንደሚጠየቅ እሱ ያውቀዋል፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ፒያሳ ልጅ፦

እኔም ልጠይቅ በዚሁ፣ እኛ የቀበሌ ቤት ነን፣ ቤቱ የኛ አይደለም ግን እናቴ ስትኖርበት እድሜዋን ጨርሳለች፣ እኛም መስመር ውስጥ ገብተናል። ምንም አታገኙም እያሉ ነው ሰዎች እውነት ነው?

ህግ ነክ፦

@ፒያሳ ልጅ ምንም አታገኙም ትክክል አይደለም። ለቤቱ ካሳ አይከፈላችሁም ቤቱ የመንግስት ስለሆነ፣ ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ የሚነሳ ሰው ሌላ የመንግስት ቤት የመከራየት ወይ ኮንዶሚኒየም የመግዛት እድል ይሰጠዋል። የኪራይ ውላችሁንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሰብስቡ፣ ውሉ በእናትሽ ስም ነው? እሷ በህይወት አለች? እሱን ንገሪኝና እቀጥላለሁ።

ፒያሳ ልጅ፦

አለች አልሀምዱሊላህ። ውሉ በሟች አባቴ ስም ነው። ኪራዩን ግን እሷ ናት ስትከፍል የኖረችው፣ ደረሰኞቹ አሉ።

ህግ ነክ፦

እንግዲያው ነገውኑ የጋብቻ ማስረጃዋንና ደረሰኞቹን ይዛችሁ ውሉ ወደ ስሟ እንዲዞር በጽሁፍ ጠይቁ፣ ቆጠራው ከመዘጋቱ በፊት። ኮፒው ላይ ማህተም እንዳትረሱ።